መሪጌታ የተቀመጡ ዕለት

መሪጌታ ሰይፈ ሥላሴ ከዳባት እስከ ደባርቅ የሚታወቁት ባለመቀመጣቸው ነው። ሌላው ሊቅ በድምፁ፣ በቅኔው፣ ሲከፋም በጠላው ይታወቃል፤ እሳቸው ግን በመቆም። ማኅሌት ላይ መቋሚያቸውን እንደ ጦር ቀጥ አድርገው ይዘው ይተከላሉ። መቋሚያ የተሠራው ሊደገፉት መሆኑን ሊያስታውሳቸው የደፈረ የለም። ዝማሜ ሲደርስ ሌላው ወዲያና ወዲህ ሲል፣ እሳቸው አገጫቸውን ብቻ ነቅነቅ ያደርጋሉ።

«መወዛወዝ ለወጣት ነው» ይላሉ።

ድርሳን ሲነበብ መቀመጥ በደብሩ ከጥንት የተፈቀደ ነው፤ በግድግዳው ሥር የተሠራው የድንጋይ መደብም ለዚሁ ነው። ግን ታላቅ ቆሞ ታናሽ አይቀመጥም። ስለዚህ መደቡ ላይ ለዘመናት የተቀመጠው አቧራ ብቻ ነበር።

ደም ግን ለመሪጌታ ክብር አይገደውም። ሲመሽ ቁርጭምጭሚታቸው እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል፤ ባታቸው ላይ ሰማያዊው የደም ሥር ከደባርቅ ቁልቁል እንደሚወርደው የሊማሊሞ መንገድ ይጠማዘዛል። እሳቸው ይህን የአገልግሎት ምልክት ይሉታል። ለተከበረ እንግዳ ሱሪያቸውን ሰብሰብ አድርገው ያሳዩበት ጊዜም አለ።

ጥር ማርያም ሲቃረብ ከቁርጭምጭሚታቸው ከፍ ብሎ ያለው ቆዳ ጠቆረ፣ አሳከካቸው፣ ቆሰለ። መሪጌታን ያስጨነቃቸው ቁስሉ አይደለም። በበዓሉ ካልቆሙ ማኅሌቱን የሚመሩት የግራው መሪ መሪጌታ ሕሩይ ናቸው። ሕሩይም አይቀመጡም፤ ሁለቱ ጎምቱዎች ሲፎካከሩ የኖሩት በእግር ነው።

ሊቅ መላ አያጣም። እግሩ የሚያብጠው ደም ስለሚወርድ ከሆነ፣ እንዳይወርድ መከልከል ነው። ከጉልበታቸው ሥር በመቀነት ጥፍር አድርገው አሰሩት።

ማታ ባለቤታቸው ዘቢደር አየችው። «ይኸ እግር ነው የተነፋ ስልቻ?»

«ደሙን ከልክየው ነው።»

«መመለሻውን ነዋ የከለከልኸው። ተነሥ፣ ነገ ደባርቅ ጤና ጣቢያ እንሄዳለን።»

«ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰውማ በአንድ እግርህ ስትቆም የበለጠ ያደንቅሃል።»

ጤና ጣቢያ ሲስተር የትናየት መቀነቱን ፈታች፣ ቁስሉን አጠበች፣ የእግራቸውን ጀርባ ዳብሳ የደሙን ትርታ አዳመጠች።

«የኔታ፣ ሥራዎ ምንድን ነው?»

«መቆም።»

«ቆመው ይንቀሳቀሳሉ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ አልንቀሳቀስም።»

ሲስተር ሳቋን ዋጥ አደረገች። «ሊማሊሞን መኪና ሞተር ሳይነሣም ይወርደዋል፤ ለመውጣት ነው ሞተር የሚያስፈልገው። ደምም እንዲሁ ነው፤ ሽቅብ የሚመልሰው ሞተር ባትዎ ነው። እሱ የሚሠራው ደግሞ ሲራመዱ፣ ተረከዝዎን ከፍ ዝቅ ሲያደርጉ ነው። እርስዎ ዳገት ላይ ሞተር አጥፍተው ቆመዋል።»

«ታዲያ ዝማሜ...»

«ዝማሜማ መድኃኒት ነው፣ የኔታ።»

 አባቶች በዜማ አዋሕደው ያቆዩትን መድኃኒት መሪጌታ ለጎረምሶች ትተውት ኖረዋል።

ጧት ከአልጋ ሳይወርዱ የሚያጠልቁት ጠባብ ረጅም ካልሲ ታዘዘላቸው፤ መልኩ የሴት ነው። ሲያርፉም እግር ከልብ ከፍ ይበል ተባለ። ይሁንና እግራቸውን ሲሰቅሉ ተረከዛቸው የእመቤታችን ሥዕል ላይ አነጣጠረ። ደንግጠው አልጋውን አዞሩት፤ አሁን ደግሞ በሩ ላይ አነጣጠረ።

«ደግ ነው፣ ሊጠይቅህ የመጣ ሁሉ መጀመሪያ ተረከዝህን ይሳለማል» አለች ዘቢደር።

በዓሉ ሲደርስ ቁስሉ መጠገግ ጀምሮ ነበር። ሲስተር ግን አስጠንቅቃለች፦ ሳይቀመጡ ከቆሙ እንደገና ይከፈታል። መሪጌታ ካልሲውን በሱሪ ሸሽገው ገቡ። መቋሚያውን ተደገፉ፤ ዝማሜ ሲደርስም ከወገባቸው ዘንበል ቀና አሉ። ደቀ መዛሙርቱ ዜማው ጠፋቸው።

ጎህ ሲቀድ ድርሳኑ ተከፈተ። እግራቸው ይጠዘጥዛል። መደቡን አዩት፤ ፊት ለፊት የቆሙትን ሕሩይን አዩአቸው። ስማቸው በሙሉ ያለው እስከ መደቡ ባለችው አንድ ክንድ ቁልቁለት ላይ ነው። ዐይናቸውን ጨፍነው ተቀመጡ።

ሳቅ ጠበቁ። የሰሙት ረጅም የእፎይታ ትንፋሽ ነው፤ ዐይናቸውን ሲገልጡ ከሽማግሌ እስከ ዲያቆን የቆመ የለም። ሕሩይ መጥተው ከጎናቸው ቁጭ ብለዋል።

«እግዜር ይስጥልኝ» አሉ ሕሩይ በሹክሹክታ።

«ለምኑ?»

«ለመቀመጥዎ። እርስዎን ስንጠብቅ አለቅን እኮ።» ነጠላቸውን ከለል አድርገው ሱሪያቸውን ሰበሰቡ።

መሪጌታ ሰይፈ ሥላሴ የሕሩይን ባት ትክ ብለው አዩት። ከእሳቸው ይልቅ አብጧል፣ ከእሳቸው ይልቅ ተጠማዝዟል። ትንሽ ቅናት ቢጤ ሽው አለባቸው።