ብድግ ማለት

አጎቴን ፊት ለፊት አንቱ እላቸው ነበር። እዚህ ግን አንቱታው ይቅርብኝ።

አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ የእህቴ ልጅ ክርስትና የተነሳ ቀን አጎቴ ሲገባ ቤቱ በሙሉ «ኖር» ብሎ ብድግ አለ። እኔ ከዚያ ዝቅ ካለ ሶፋ መነሳት አቃተኝ። እሱም «በእግዜር» ከማለቱ በፊት ወደ እኔ ዞሮ፣ «አሜሪካ ለታላቅ መነሳትም አስረሳሽ? እናትሽ ያላሳደገችሽ ትመስያለሽ» አለኝ። ሰው ሳቀ። እናቴ ከሞተች ገና ዓመት አልሞላትም ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ አንድ ክሊኒክ በየስድስት ወሩ ይለካኛል። ቴራፒስቷ ሰዓት ይዛ፣ እጄን ደረቴ ላይ አጣምሬ ከወንበር እንድነሳ ታዘኛለች። በሄድኩ ቁጥር ሰዓቱ ይረዝማል። በኋላ ጭኔን በእጄ ካልገፋሁ የማልነሳበት ቀን መጣ፤ እሱንም ጻፈችው። ሐኪሙ የጡንቻው በሽታ በዘር የሚወርድ እንደሆነ ነግሮኝ፣ ለምወልደው ልጅ ይተላለፍ እንደሆነ ለማወቅ ከእናቴ እህት ወንድሞች የአንዱን ደም ፈለገ። ያለው አጎቴ ብቻ ነው። ደውዬ በሽታውን ነገርኩት።

«ጋሼ፣ ፕሊስ አንዴ ቴስት ያድርጉልኝ።»

«በእኛ ዘር እንዲህ ያለ ነገር የለም» ብሎ ዘጋው።

ፈርቼ ሳልወልድ ዕድሜዬ አለፈ።

ከዓመታት በኋላ በአንድ ፋሲካ አጎቴ ከመኪና ሲወርድ አየሁት። እጁን መጀመሪያ ጉልበቱ ላይ፣ ቀጥሎ ጭኑ ላይ ተክሎ ራሱን ወደ ላይ ገፋ። ያን አነሳስ ከእኔ ሌላ ያወቀ አልነበረም። ደስ አለኝ፤ አልደብቅም።

በሳምንቱ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቱን፣ «ጋሼን አሟቸዋል፣ ይጠይቋቸው» ብዬ አናንዴል ወዳለው ቤቱ ወሰድኳቸው። ውሸትም አልነበረም። ሳሎኑ እንግዳ ሞልቶት ነበር። ቄሱ ሲገቡ ሁሉም ተነሳ። እሱ ጭኑን ገፋ፤ ተመልሶ ወንበሩ ላይ ወደቀ፤ እንደገና ገፋ። እኔ ከዘራዬን ተደግፌ በሩ ላይ ቆሜ ሰዓቴን አየሁ። ቄሱ «ግድ የለም፣ ይቀመጡ» አሉት። እሱ ግን የሚያየው እኔን ነበር።

ልወጣ ስል ክንዴን ያዘኝ።

«ያ ዶክተርሽ የት ነው ያለው? ልጄ አርግዛለች» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ልጁ ምንም አልበደለችኝም።

«ጋሼ» አልኩት፣ «በእኛ ዘር እንዲህ ያለ ነገር የለም።»

የክሊኒኩ ካርድ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ይዤው ወጣሁ።