የአባቴ ቀኝ እጅ

ምስር ቆርቆሮ ትሪ ላይ ሲፈስ የሚያሰማው ድምፅ የትም ብሰማው ያስቆመኛል። ባለሱቁ እየሰፈረ ሒሳቡን ሲነግረኝ እንኳ አልሰማውም፤ ልቤ ባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር እምብዛም ሳይርቅ ወደነበረው ቤታችን፣ በደርግ ዘመን ወዳሳለፍነው አንድ ከባድ ዓመት ይሄድብኛል።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ የሰፈራችን ሰው ለኢድም ለፋሲካም የሚለብሰው እሳቸው የሰፉትን ነበር። በዚያ ክረምት፣ ሐይቁ ሞልቶ መንገዱን በነካ ሰሞን፣ ንጋት ላይ ለሱብሒ ሶላት ሊነሡ ሲሉ ወደቁ። ሐኪም ቤት ሰንብተው ሲመለሱ አንደበታቸው ደህና ነበር፤ ቀኝ እጃቸው ግን ጭናቸው ላይ እንደ ሰው ዕቃ ዝም ብሎ ተቀመጠ።

እኛ ቤት ሁላችንም ከአንድ ትሪ ነበር የምንበላው። ሸሁ መጥተው ለታመመ ሰው በግራ መብላት ችግር የለውም ቢሏቸውም አባቴ እሺ አላሉም፤ በልጆቻቸው ፊት እንደ ሕፃን መጉረስም ሞቴ ነው አሉ። ስለዚህ ገበታ ሲቀርብ ጠግቤያለሁ ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩ ነበር፤ እናቴም እኛ በልተን ከተነሣን በኋላ መጋረጃውን ጋርዳ ታጎርሳቸው ነበር። እኔና ወንድሜ ከመጋረጃው ወዲህ ትንፋሻችንን ውጠን እንቀመጥ ነበር።

መስከረም ሲጠባ እናቴ ቆርጣ ተነሣች። ዘይነባ የምትባል፣ አጭር፣ ፈጣን፣ ማላዘን የማትወድ ሴት ነበረች። ጎረቤታችን እትየ ተዋበች ሊጠይቁ በመጡ ቁጥር ያለቅሱ ስለነበር፣ አንድ ቀን ማልቀስዎ ካልቀረ ይችን ይላጡልኝ ብላ አንድ ሰፌድ ሽንኩርት አቀረበችላቸው፤ ላጡላት፣ አባቴም ከታመሙ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። በማግሥቱ ጠዋት ምስር በትሪ አድርጋ አባቴ ጭን ላይ አስቀመጠችና፣ «ጠጠሩን ይልቀሙልኝ፤ በቀኝዎ» አለቻቸው።

መጀመሪያ ጣታቸው ምስሩን ወደ መሬት ከመጥረግ በቀር የሚይዘው ነገር አልነበረም፤ እኔና ወንድሜ ከሥር ከሥር እንለቅም ነበር። ግን አላቋረጡም። ከቀበሌ ስኳር ሲገኝ በስኳር፣ ሲጠፋ በጨው ሻያቸውን ጠጥተው በየጠዋቱ ትሪያቸውን ይቀበሉ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ እኔ ይዣቸው ሐይቁ ዳር እንወርድና፣ ጨርቅ ውሃ ውስጥ ነክረው ለመጭመቅ ይታገሉ ነበር። እጃቸው እምቢ ያለ ቀን አይቆጡም፤ ነገ እንሞክረዋለን ብለው ጨርቁን ለእኔ ይሰጡኝ ነበር።

በበጋው አንድ ቀን፣ አባቴ ለሶላት ወደ ጓዳ እንደገቡ፣ እናቴ ከአንድ ጣሳ ጠጠር ዘግና የተለቀመው ምስር ላይ ስትበትን አየሁ። ለካ ያን ሁሉ ጊዜ የለቀሙትን ጠጠር መልሳ መላልሳ ታስለቅማቸው ኖሯል! አባቴ የተታለሉ መስሎኝ ሐይቁ ዳር እንደደረስን ነገርኋቸው።

አባቴ ጨርቁን እየጨመቁ ሳቁ። «አውቃለሁ፣ መዲናየ። አንዲት ቀይ ጠጠር አለች፣ ከእሷ ጋርማ ተዋውቀናል» አሉኝ፤ ቀጥለውም፣ «ለእናትሽ እንዳትነግሪያት። ይህን ያህል ከለፋችልኝ ተስፋ አልቆረጠችም ማለት ነው፤ እሷ ሳትቆርጥ እኔ ብቆርጥ ያሳፍራል» አሉ። ከጨርቁ ውሃ ጠብ ጠብ ይል ነበር።

ረመዳን ገባ። አንድ ቀን ማፍጠሪያው ደርሶ የዓሣ ወጡ ሲቀርብ አባቴ ወደ ግድግዳው አልዞሩም፤ ወደ ትሪው ጠጋ አሉ። ቀኝ እጃቸው ቀስ እያለ እንጀራውን ቆረሰ፣ ጠቀለለ፣ ግማሹን አፈሰሰ። ማንም ቀና ብሎ ለማየት አልደፈረም። ወደ አፋቸው ይወስዱታል ስንል እጃቸው አልፎ ወደ እናቴ ሄደ። አፏን ከፍታ ጎረሰች፤ ከዚያ ያች ልቅሶ የማትወድ ሴት ጉንጯ እንደተሞላ እንባዋ ወረደ።

«ዋጪው እንጂ ዘይነባ» አሉ አባቴ፣ «ጠጠር የለበትም።»

እናቴ መጀመሪያ አባቴን፣ ቀጥሎ እኔን አየችን፤ ከዚያ ሳቅና እንባ ተቀላቅሎባት መጋረጃው ጥግ ሄዳ ተቀመጠች። በማግሥቱ መጋረጃውን አውርዳ አጠበችው፤ ተመልሶም አልተሰቀለም። አባቴ ቀስ እያሉም ቢሆን ወደ ስፌታቸው ተመለሱ፣ ብዙ ዓመትም ሰፉ።

ሁለቱንም አላህ ጀነት ይወፍቃቸው፤ በሕይወቴ ለተቃናልኝ ነገር ሁሉ የማመሰግነው እነሱን ነው። ዛሬ ምስሩ ተለቅሞ በላስቲክ ታሽጎ ይሸጣል፣ ልጆቼም በየሳህናቸው፣ በየሰዓታቸው ይበላሉ። ያኔ ቤታችን ውስጥ ብዙ ነገር ይጎድል ነበር፤ ሰው ሲጎድል ግን ትሪው ላይ ወዲያው ይታወቅ ነበር። አሁን ማን እንዳልበላ፣ ማን ፊቱን ወደ ግድግዳ እንዳዞረ የማውቀው ስጠይቅ ብቻ ነው። ስለዚህ በየቀኑ በየክፍላቸው እየዞርሁ እጠይቃለሁ።