ሽማግሌዎቹ ባቡር ላይ አንቀመጥም ያሉ ዕለት

ዝዋይ ሐይቅ ዳር ባቡር ገባ ሲባል ያላመኑ ሰዎች አልተሳሳቱም፤ ሐዲድ የለውማ። ዳርቻው ተቆፍሮ፣ ተደልድሎ፣ ዘንባባ ከተተከለበትና አግዳሚ ወንበር ከተደረደረበት በኋላ አንድ ቀን ነጭና ሰማያዊ የተቀባ፣ በጎማ የሚሄድ፣ ሦስት ፉርጎ የሚጎትት ነገር መጣ። ሹሞቹ ትራም አሉት፣ እኛ ባቡር አልነው። ሐዲድ እንዳያምረው ይመስለኛል፣ አስፋልቱ ላይ ሁለት ቢጫ መስመር ቀቡለት። ዓሣ አጥማጆቹን ሲጠብቁ የኖሩት አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች መስመሩ መሀል ቆመው ንቅንቅ አንልም ይላሉ፣ ባቡሩም ጥሩንባ እየነፋ ይለምናቸዋል።

ሹፌሩ የምወዳት ልጅ አባት ነበሩ። ያን ባቡር የሚነዱት አውሮፕላን እንደሚያበር ሰው ተጠንቅቀው ነው። ከተማሩት ደንብ ሁሉ አንዱን ከነፍሳቸው አስበልጠው ይዘውታል፦ የመጨረሻው ተሳፋሪ ሳይቀመጥ ባቡሩ አይንቀሳቀስም። በመስታወታቸው ያያሉ፤ አንድ ሰው ብድግ ካለ ማይክሮፎናቸውን ከፍተው "ይቀመጡ" ይላሉ፣ ሰውየው እስኪቀመጥም ሞተሩን አስነስተው ዝም ብለው ይጠብቃሉ።

እኔ የምሠራው አዳማ፣ የመኪና መለዋወጫ መደብር ውስጥ ነው። ልጅቷን እወዳታለሁ፣ እሷም ትወደኛለች፣ የቀረን የአባቷ እሺታ ብቻ ነበር። ዐቢይ ጾም ሳይገባ ካልፈቀዱልን ሠርጉ ከፋሲካ ወዲያ ሊሄድብን ነው፤ እኔ ደግሞ መጠበቅ የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ላክሁ። መጀመሪያ ቤት አልተገኙም። ቀጥሎ "ዘመድ ላማክር" ብለው ቀጠሮ ሰጡና በቀጠሮው ቀን ሥራ ገቡ። ልጅቷ ብትበሳጭ፣ "ቤት አታገኙትም፤ ከዚያ ባቡር አይወርድም፣ እዚያው ሂዱበት" አለችኝ በስልክ። ይህንን ለአጎቴ እንደ ቀልድ ነገርኩት። አጎቴ ቀልድ የማያውቅ ሰው ነው፤ በማግስቱ ጋቢውን ደርቦ ወደ ዝዋይ ተነሳ።

ከእሱ ጋር ከወሎ መጥተው አዳማ የከተሙ ጎረቤታችን ሐጂና አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ። እንግዲህ በእኛ ዘንድ ልጅ ሊጠይቅ የሄደ ሽማግሌ ተስፋ ያለው ቃል ሳይሰማ አይቀመጥም። ወንበር ቢሳብለትም፣ ጉልበቱ ቢንቀጠቀጥም፣ ቆሞ ነው የሚለምነው። ይህንን ሁላችንም እናውቃለን፤ ባቡሩ ግን አያውቅም። ጠያቂው ልጅ ደግሞ ሽማግሌዎቹ በሄዱበት ድርሽ አይልም፣ ነውር ነው። እኔ ግን ሳያውቁ ተከትያቸው፣ ኮፍያዬን ደፍቼ፣ ከኮሮና ጊዜ የተረፈ ማስክ አድርጌ የመጨረሻው ፉርጎ ውስጥ ተወሽቄ ነበር። አዳማ ሆኖ መጠበቅ አልሆንልኝ ቢል ምን ላድርግ።

ሽማግሌዎቹ የፊተኛው ፉርጎ ላይ ወጥተው ተገተሩ።

"አካም ጂርቱ አባቶቼ፣ ይቀመጡ፣ ልንነሳ ነው" አሉ ሹፌሩ በማይክሮፎኑ።

"ነጋዳ፣ ደኅና ነን። ግን አንቀመጥም" አለ አጎቴ። "ለጉዳይ ነው የመጣነው።"

"የምን ጉዳይ?"

"ቆመው የሚናገሩት ጉዳይ።"

ያን ጊዜ ለሹፌሩ ገባቸው። ዞረው አዩአቸው፣ ደንግጠውም ማይክሮፎኑን ሳይዘጉ ረሱት። አጎቴ ድሮም ድምፁ ትልቅ ነው፤ ጎንበስ ብሎ ሲጀምር ንግግሩ በየፉርጎው፣ ከዚያም አልፎ በየዓሣ ቤቱ ተሰማ። ስለ ዘሬ ተናገረ፣ ስለ አስተዳደጌ ተናገረ። "ልጃችን አይጠጣም፣ አያጨስም፣ ከሰው አይጣላም፣ ለታላቅ ይታዘዛል" አለ። አጠገቤ የተቀመጡት፣ ሽንኩርታቸውን ሸጠው ወደ ዓለም ጤና ከተማ ለመመለስ መናኸሪያ የሚሄዱ ሴትዮ ወደ እኔ ዘንበል ብለው "እንዲህ ዓይነት ወንድ የለም፣ ዋሽተው ነው" አሉኝ። እኔም የአጎቴን ዝርዝር ስሰማ እውነታቸውን ሳይሆን አይቀርም ብዬ ኮፍያዬን ይበልጥ ደፋሁ።

"ዘመድ ላማክርና ቀጠሮ እሰጣችኋለሁ" አሉ ሹፌሩ።

"ቀጠሮ ሰጥተውን ነበር፤ እርስዎ ቀሩብን።"

"እንግዲህ ካልተቀመጣችሁ መንዳት አልችልም፣ ደንብ ነው።"

"እኛም መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም፣ የእኛም ደንብ ነው።"

በቃ፣ ቆምን። ሞተሩ ይንተከተካል፣ ባቡሩ አይሄድም። መጀመሪያ ሰው ሳቀ፣ ቆይቶ አጉረመረመ፣ ቆይቶ ደግሞ ሁሉም ሽማግሌ ሆኖ አረፈው። አንዱ "ልጁ ሥራ አለው ወይ?" ብሎ ከመሀለኛው ፉርጎ ይጠይቃል፤ አንዷ "ልጅቷስ ትወደዋለች?" ትላለች። ከዓሣ ቤት አስተናጋጁ ሳህን እንደያዘ መጥቶ ነገሩን ከሥር ሆኖ ይከታተላል። ወደ አዳሚ ቱሉ የሚሄድ ሰውዬ ሚኒባስ ሊያመልጠኝ ነው ብሎ ሊወርድ ተነሳና፣ መልሱን ሳይሰማ መሄድ አላስችል ብሎት እዚያው ቆሞ ቀረ። አሁን የቆሙት አራት ሆኑ፤ ሹፌሩ በመስታወት አይተው ግንባራቸውን ያዙ።

የዓለም ጤናዋ ሴትዮ ትዕግሥታቸው አለቀ። "ስጧቸውና እንሂድ እንጂ" ብለው ጮኹ። ከዚያ ላቤ በማስኩ ላይ ሲንቆረቆር አይተው ጠረጠሩኝ መሰለኝ፣ ክንዴን ይዘው አስወርደው ወደ ፊተኛው ፉርጎ ወሰዱኝ። "ይኸው፣ ልጁ እዚህ ነው።"

አጎቴ ሲያየኝ በጋቢው ፊቱን ሸፈነ። ሐጂ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። ሹፌሩ ከቦታቸው ወርደው፣ የማይክሮፎናቸውን ገመድ እስከሚደርስ ድረስ እየጎተቱ ወደ እኔ መጡ፤ ለምን እንደያዙት እሳቸውም የሚያውቁ አይመስለኝም።

"አንተ ነህ?"

"አዎ፣ እኔ ነኝ።"

"የት ነው የምትወስዳት?"

"አዳማ።"

ማይክሮፎኑ ትንፋሻቸውን ለሐይቁ ዳር ሁሉ ያሰማል። የልጅቷ እናት ከሞቱ ወዲህ በዚያ ቤት አባትና ልጅ ብቻ እንደቀሩ አውቅ ነበር። ምሳቸውን እንኳ ይዛላቸው የምትመጣው እሷ ነች። ግን እሷን ስወስድ ማን እንደሚቀር አንድም ቀን አስቤ አላውቅም ነበር። ሰውየው ከባቡሩ አልወርድ ያሉት ጠልተውኝ መስሎኝ ስናደድ ከርሜ፣ ያን ጊዜ ፊታቸውን ሳይ ኮፍያዬን አወለቅሁ።

"እሺ" አሉ። "ሰጥቻለሁ።"

የዓለም ጤናዋ ሴትዮ እልል አሉ፣ ፉርጎው በሙሉ ተቀበላቸው። መምህሩ "ተመስገን" ብለው ወንበሩ ላይ ዘፍ አሉ፣ አጎቴም ጋቢውን ከፊቱ አንስቶ ተቀመጠ። ሹፌሩ ግን ወደ መሪያቸው አልተመለሱም። ቀረብ ብለው፣ ድምፃቸውንም ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ።

"አዳማ ከዚህ ስንት ሰዓት ይወስዳል?"

እሳቸው ባቡሩ ከመምጣቱ በፊት በዝዋይና በአዳማ መካከል ሚኒባስ ሲነዱ ያረጁ ሰው ናቸው። መንገዱን ከነጉድጓዱ ያውቁታል።

"ቅርብ ነው፣ አባባ" አልኳቸው።

"ቅርብ ነው፣ አይደል?" አሉኝ ደግመው። እኔም ደግሜ ቅርብ ነው አልኳቸው።