አሥር ጣሳ ክሎሪን

ጌጤን የሚያውቅ ሰው ሁሉ አሰፋፈሯን ያውቃል። ሽሮ ሜዳ ገበያ አሥራ ሁለት ዓመት ጥራጥሬ በጣሳ ስትሸጥ፣ ጣሳዋን አፉ ላይ ጠርጋ የሰፈረችበት ቀን የለም። ቆልላ ትሰፍራለች፤ ገዢዋ «መርቂልኝ» ከማለቷ በፊት አንድ እፍኝ ትደርብላታለች። እንዲህ እየሰፈረች ሀብታም አልሆነችም፣ ግን ጠላትም አላፈራችም።

ኋላ ገበያው አላዋጣ ሲላት ከዊንጌት ከፍ ብሎ ባለ አንድ ሆቴል የመዋኛ ገንዳ ጠባቂ ሆና ተቀጠረች። ሥራውን ያስተማራት ገለታ የሚባል ሽማግሌ ነው። የገንዳው ርዝመት ሃያ ሜትር፣ ወርዱ አሥር፣ ጥልቀቱ አንድ ተኩል፤ ለዚህ ሁሉ ውሃ በቀን አምስት የሳልሳ ጣሳ ክሎሪን፤ ገንዳው ሳምንት ተዘግቶ ከከረመ አሥር። ስሌቱ ከየት እንደመጣ እሱም አልነገራት፣ እሷም አልጠየቀችም። ሰባት ዓመት ሙሉ በዚሁ ቁጥር ሠራች፤ አሰፋፈሯ ግን ያው የገበያው ነበር። አመል ያወጣል ከመሃል ይባል የለ።

አንድ ሰኞ፣ ገንዳው ለሳምንት ተዘግቶ በከረመ ማግስት፣ ገና በማለዳው ከአዲስ በርሜል አሥር ጣሳ ቆልላ ሰፈረች፤ በባልዲ ውሃ እያሟሟች ዳር ዳሩን ዞራ ደፋችው። የመጨረሻውን ባልዲ ስትደፋ ሽታው ጉሮሮዋን ያዛት። ዓይኗ አነባ። እንዲህ ያለ ሽታ አታውቅም።

ተመልሳ በርሜሉን አየችው። የክሎሪኑ ኃይል ሰባ ከመቶ ይላል። ጨርቅ የምታጥብበትን አሮጌውን በርሜል ገልብጣ አየች፤ ሠላሳ አምስት ከመቶ። በእስክሪብቶ መዳፏ ላይ ማስላት ጀመረች። አዲሱ የአሮጌው እጥፍ ከሆነ፣ አሥሩ ጣሳ አምስት መሆን ነበረበት። ሁለት ጊዜ አሰላችው፤ አምስት። ከዚያ ቁልሉ ትዝ አላት። አሥር ቁልል ጣሳ ተጠርጎ ቢሰፈር አሥራ ሦስት ይወጣዋል። ለአምስት ጣሳ ውሃ አሥራ ሦስት ከታለች። መሬት ላይ ዘጭ አለች።

ሁለት ሰዓት ላይ ዋና የሚማሩ አሥራ ስምንት ሕፃናት በአውቶቡስ ይመጣሉ። ትልቁ ዘጠኝ ዓመት ቢሞላው ነው። ጀማሪ ከሚዋኘው ይልቅ የሚጠጣው ይበልጣል። አምና የዚያን የደካማውን ዱቄት ብናኝ ሳታስበው ስባ ሦስት ቀን ሙሉ ስታስል ሰንብታለች፤ እሷ አዋቂ ናት። ዝም ብትልስ? ውሃው ኩልል ብሎ ሰማያዊ ነው፣ ማን ያውቅባታል? ብትናገርስ? ኃላፊው ጋሽ ቶለሳ አምና አንዱን ሠራተኛ ከዚህ ባነሰ ጥፋት አባረውታል፤ እሷ ደግሞ የምታስተምረው ልጅ አላት። ፈራች። እንደዚያ ቀን ፈርታ አታውቅም።

አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን ሄዳ ሁሉንም ነገረቻቸው። ጋሽ ቶለሳ ገንዳው ዳር መጥተው ከላይ ሆነው አዩት። ውሃውን የሚመረምሩበት ኪኒን ካለቀ ወር ሆኖታል። ውሃው እንዲህ ጠርቶ እንደማያውቅ፣ ትምህርት ቤቱም መንገድ ላይ እንደሆነ፣ ሴት ሲበዛ ፈሪ እንደምትሆን ነገሯት። የአውቶቡሱ ጥሩንባ ከበር ተሰማ።

ጌጤ ባልዲውን ገንዳው ውስጥ ነክራ ሞላችና እግራቸው ሥር አስቀመጠችው።

«እንግዲያው ጋሼ፣ በዚህ ፊትዎን ይታጠቡ» አለቻቸው።

ሳቅ አሉ። እጅጌያቸውን ሰብስበው ጎንበስ አሉ፤ እፍኝ ውሃ ዘግነው ወደ ፊታቸው አስጠጉት። እጃቸው እዚያው ቀረ። ዓይናቸው ቀላ፣ እንባቸው ወረደ። ውሃውን መልሰው ባልዲው ውስጥ ደፉትና ቀና አሉ።

«የገንዳውን በር ዝጊው» አሉ። ደግሞም፣ «ነገ ጠዋት ቢሮ እንድትመጪ» ብለዋት ሾፌሩን ሊያነጋግሩ ሄዱ።

ቢሮ ተጠርቶ በሰላም የተመለሰ አታውቅም። በሩን ቆልፋ ጀርባዋን አስደገፈችበት። ከውጭ ልጆቹ ለምን አንዋኝም እያሉ ያለቅሳሉ፣ አንዷ በሩን በጫማዋ ትመታለች፣ አንዱ ሴትዮዋን ይሰድባል። ጌጤ ጆሮዋን በሩ ላይ ለጥፋ ለረጅም ጊዜ አዳመጠቻቸው። አንድም የሚያስል አልነበረም።