ስልክ ላላነሳ ሰው የመጣ ሻንጣ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ቢሮ የሚባል ነገር አልነበረንም። ሙክታር የስልክ ቀፎና ቻርጀር ከሚሸጥበት ሱቅ ጥግ የእንጨት ወንበር አስቀመጠልኝ፤ ሁለት ስልክ ሰጠኝና "ከዛሬ ጀምሮ ዲስፓቸር ነሽ" አለኝ። ዕቃ እየተቀበለ ሞተረኛ የሚያሰማራ ማለት ነው፤ ቃሉን ሰምቼው አላውቅም። ሥራውን ግን አውቀዋለሁ። ቦንጋ መናኸሪያ ትኬት ስቆርጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ማን ማንን እንደሚጠብቅ፣ ከአውቶቡስ ጣራ የወረደው ጆንያ የማን እንደሆነ መለየት እንጀራዬ ነበር።

የሙክታር አባት ከወልቂጤ መጥተው ቦንጋ ላይ ሱቅ የከፈቱ ነጋዴ ነበሩ። ልጃቸው ዕቃ መሸጥ ሰልችቶት ዕቃ ማድረስ አማረው። ከተማው ሳቀበት። ባጃጅ እያለ ዕቃ አድራሽ ምን ያደርጋል ተባለ። ክረምቱ ሲገባ ግን ሳቁ ቆመ። ዳገቱ ጭቃ ሲሆን ባጃጅ አይወጣውም፤ የምትኩ ሞተር ይወጣዋል።

ምትኩ የመጀመሪያው ሞተረኛችን ነው። የጊምቦ ልጅ፣ ረጅም፣ ንግግሩ ቁጥብ። እኔ እደውላለሁ፣ እሱ ያደርሳል፤ ድርጅቱ ማለት ያኔ እሱና እኔ ነበርን።

ዕቃ የሚልክ ሰው ሲደውል እጠይቃለሁ። ምንድን ነው? ከማን ነው? ተቀባዩ መምጣቱን ያውቃል? ቤቱ በየት በኩል ነው? አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ለአንዲት መምህርት ቀሚስ ሊልክ ደወለ። "መምጣቱን ታውቃለች?" ስለው "አይ፣ ድንገት እንዲሆንባት ነው" አለኝ። "ባሏስ?" ስለው ስልኩን ዘጋው። ሙክታር ይህን ሲሰማ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ከዚያ ወዲያ ምትኩም በኋላ የመጡት ሞተረኞችም ሁሉ "መርማሪዋ" እያሉ ያበሽቁኝ ጀመር።

ድርጅቱ አደገ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ምግብ ማዘዝ ጀመሩ፤ መሥሪያ ቤቶች ደብዳቤ፣ መድኃኒት ቤቶች መድኃኒት፣ ነጋዴዎች የቡናና የማር ናሙና በእኛ ላኩ። በሺሺንዳና በዋጫ ከተሞች ወኪል ተቀመጠ። አዲስ አበባ ቢሮ ተከፈተ፤ ከየትም የመጣ ዕቃ እዚያ ደርሶ ወደ እኛ በአውቶቡስ ይላካል። ከሱቁ ጥግ ወጥተን ፎቅ ተከራየን። ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም። ዘመድ ሲጠይቀኝ "የምሠራበት ድርጅት" እያልኩ እኮራ ነበር።

ከእድገቱ ጋር ዳዊት መጣ። ከአዲስ አበባ የተቀጠረ ኦፕሬሽን ማናጀር ነው፤ ወጣት፣ ሰው አክባሪ፣ ሲናገር እጁ የማያርፍ። የስልክ መተግበሪያ አሠራ። ላኪው ሁሉንም ራሱ ይሞላል፤ ሞተረኛው ስልኩ ላይ ያየዋል። የእኔ ሥራ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ስክሪን ሞተረኞችን የሚያሳዩትን ነጥቦች መከታተል ሆነ። አረንጓዴ ይሄዳል፣ ቀይ ቆሟል።

"እትዬ ጥሩ፣ ደንበኛ ጥያቄ አይወድም" አለኝ። "ፕራይቬሲ፣ የሰው ገመና የሚባል ነገር አለ። ጥያቄ ሰዓት ይበላል።"

ትልቁ ራስ ምታታችን ስልክ የማያነሳ ተቀባይ ነበር። ኔትወርክ ይጠፋል፣ መብራት ይሄዳል፣ ሰው ወደ ጫካው ቡና ሊለቅም ይወጣል፤ ዕቃው እኛ ጋ ይከመራል። ዳዊት መላ አመጣ። ላኪው የሁለተኛ ተቀባይ ስልክ ካልሞላ ትእዛዙ አያልፍም። አንደኛው ካላነሳ ዕቃው ለሁለተኛው ይሄዳል።

"ሁለተኛው ማን ይሁን?" አልኩት።

"ማንም። ቤተሰብ ይሁን።"

"ቤተሰብ ሁሉ እኮ አንድ ነገር አያውቅም፤ ለአንዱ የሚነገር ለሌላው ይደበቃል።"

ፈገግ ብሎ ወደ ስክሪኑ ዞረ። ሙክታር ዘንድ ገብቼ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አልኩት። "ጥሩዬ፣ በተረት ድርጅት አይመራም" አለኝ። የከመርነው ዕቃ በሳምንቱ ስላለቀ እኔም አፌን ያዝኩ።

ሻንጣው የመጣ ዕለት ያላወቅሁትን አሁን አስቀድሜ ልንገራችሁ። እትዬ አየለች ከቤተ ክርስቲያኑ በታች የሚኖሩ ባል የሞተባቸው ሴት ናቸው። አንድ ወንድ ልጃቸው ታረቀኝ ሩቅ ቆላ አገር በመንገድ ሥራ ካምፕ ገልባጭ መኪና ይነዳ ነበር። መኪናው ተገልብጦ ሞተ። ሙቀቱና ርቀቱ ሬሳውን ስላላስመጣ እዚያው ተቀበረ። ወንድማቸው ጋሽ ወልዴ መርዶውን ሰሙ፤ ለእህታቸው ግን አልነገሩም። እትዬ አየለች ደም ግፊት አለባቸው። እሁድ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ከዋጫ ሴት ልጃቸው መጥታ፣ ዘመድ ግራና ቀኝ ይዟቸው ሊነገራቸው ተቆረጠ። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሰፈሩ ሁሉ እየሳቀ ሰላም ይላቸዋል።

ካምፕ አብሮት ያድር የነበረው ጓደኛው የታረቀኝን ሻንጣ በእኛ በኩል ላከ። ተቀባዩ ጋሽ ወልዴ ናቸው፤ ሰውየው አልተሳሳተም። መተግበሪያው ግን ሁለተኛ ስልክ ካልሰጠኸኝ አላልፍም አለው። ከሟቹ ስልክ ውስጥ "እማ" የሚለውን ፈልጎ ሞላ። ጋሽ ወልዴ ስልክ ያነሳሉ፣ እዚያ አይደርስም ብሎ ይሆናል።

ሻንጣው ዓርብ ረፋዱ ላይ ደረሰ። ጋሽ ወልዴ የእህታቸውን ልጅ ሊያመጡ ወደ ዋጫ ሄደው ነበር፤ መንገዱ ላይ ኔትወርክ የለም። ትእዛዙ ወደ ሁለተኛው ስልክ ዞረ። ተረኛው ምትኩ ነበር።

የሆነውን በኋላ ራሱ ነገረኝ። እትዬ አየለች ግቢያቸው በር ላይ ቆመው ጠበቁት።

"ከልጄ ነው?" አሉት።

ሻንጣው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አነበበ። "የታረቀኝ ዕቃ ይላል፣ እናቴ።"

መረቁት። ወልደህ ሳም፣ መንገድህ ይቃና አሉት። ሻንጣው የታሰረበትን ገመድ እንዲፈታላቸው ለመኑት፤ እጃቸው ደካማ ነው። ሌላ የሚያደርሰው ዕቃ ነበረው፤ ግን እናት እንዴት እንቢ ይባላል? ፈታላቸው። ከላይ የታጠበና የታጠፈ ልብስ ነበር። አንድ ሸሚዝ አንስተው ሳሙት። ከሥሩ ብርድ ልብሱ፣ መታወቂያው፣ የሥራ ጫማው ወጣ። ጫማውን አገላበጡት።

"ሰው ጫማውን አውልቆ ለእናቱ አይልክም" አሉ።

ምትኩ ያኔ ገባው። ሲወድቁ ደርሶ ያዛቸው።

እኔ ስክሪኑ ላይ የምትኩን ነጥብ ቀይ ሆኖ አየሁት። ዳዊት "ለምን ቆመ? መድኃኒት ይዟል" አለኝ። ደወልኩ። መጀመሪያ የሰማሁት የሴት ጩኸት ነው።

"እትዬ ጥሩ፣ ሰው ላኪልኝ" አለ። "ብቻቸውን ናቸው። ሰው ላኪልኝ።"

ባጃጅ ይዤ ሄድኩ። እትዬ አየለች መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ ምትኩ ሄልሜቱን ሳያወልቅ ከኋላ አቅፎ ይዟቸዋል። ጎረቤት በአጥሩ በኩል እየገባ ነበር። አንዲት ሴት ደረቷን እየመታች "ለእሁድ ነበር እኮ፣ ለእሁድ ነበር እኮ" ትላለች። ስልኬ ይጮሃል፤ ዳዊት ነው። አላነሳሁም።

እትዬ አየለችን ሆስፒታል ወሰድናቸው። ግራ ጎናቸው አልታዘዝ አለ። ድንኳኑ ግቢያቸው ውስጥ ተተክሎ ለቅሶው ያለ እሳቸው ተለቀሰ። ከዋጫ የመጣችው ልጃቸው ከሆስፒታል ወደ ድንኳን፣ ከድንኳን ወደ ሆስፒታል ስትመላለስ አየኋት፤ ሐዘኗን እንኳ የምታርፍበት ቦታ አጣች።

ማታ ቢሮ ስመለስ ትእዛዙ ስክሪኑ ላይ በአረንጓዴ ተጽፎ ነበር፤ "ደርሷል" ይላል። ዳዊት ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዞ ተቀምጧል። "ሲስተሙ እኮ በትክክል ሠርቷል" አለ። ሊከራከረኝ አልነበረም፤ የምሩን ግራ ገብቶት ነው።

እትዬ አየለች ከሆስፒታል ሲወጡ በሽማግሌ ይቅርታ ልንጠይቅ ሄድን። ሙክታር፣ ዳዊት፣ ምትኩና እኔ። ጋሽ ወልዴ ተቀበሉን። ከእኛ ይልቅ እሳቸው ያፈሩ ይመስሉ ነበር።

"ከሞቱ አሟሟቱ ይባላል" አሉ። "የእሷ ደግሞ ከመርዶው አሰማሙ ባሰ። ግን የደበቅናት እኛ ነን። እናንተን ብቻ አንወቅስም።"

ሙክታር ጉልበት ሊስም ጎንበስ አለ። እትዬ አየለች በደህና እጃቸው ከለከሉት። ንግግራቸው ተጎትቶ ነው የሚወጣው፤ ሁላችንም ወደ እሳቸው ዘንበል አልን።

"እሁድ ሊነግሩኝ ነበር አሉ" አሉ። "እስከ እሁድ ልጄ ይኖርልኝ ነበር።"

ሽማግሌዎቹ የመጡበትን ሳይጨርሱ ተነሡ። ምትኩ በሩ ጋ ሲደርስ አለቀሰ፤ እኔም አለቀስኩ።

ምትኩ ሞተሩን መልሶ አልተረከበም። ጊምቦ ገብቶ ከአባቱ ጋር ያርሳል ይሉኛል። ዳዊት ሁለተኛውን ስልክ ከመተግበሪያው አስወጣው፤ ዕቃው እንደገና ሲከመር ሌላ ማናጀር መጥቶ መለሰው። ሙክታርም አልከለከለውም። ድርጅቱ ዛሬ እኔ በእግሬ ያልረገጥኳቸው ከተሞች ሁሉ ደርሷል። ሁለተኛው ስልክ የተመለሰ ጊዜ እኔም ሥራውን ለቀቅሁ፤ ማንም ሂጂ አላለኝም።

ወደዚህ ሙያ የምትገቡ ልጆች ምን ተማርሽ ትሉኛላችሁ። ይሄን ተምሬአለሁ። ተቀባዩ ስልክ ካላነሳ ዕቃው ይቆያል። ለእናቱም ቢሆን አይሰጥም።