በርሜል የሚያሸቱት ሰው

አቶ ወልደኪዳን ጠዋት ከቤት ሲወጡ፣ በሩ አጠገብ በዘይት ጣሳ ከተተከለው ጦስኝ አንድ ቅርንጫፍ ይቀነጥባሉ። በመዳፋቸው ያሹታል፣ አፍንጫቸው ላይ ይይዙታል፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ትንሽ ይቆያሉ። ከዚያ እጃቸውን በካፖርታቸው ጠርገው ወደ ሥራ ይሄዳሉ። የደብረ ብርሃን ብርድ ደጅ ላይ የሚያስቆም አይደለም፤ እሳቸው ግን አንድም ቀን አላጓደሉም። ግቢያቸው ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ስገባ ጸሎት የሚያደርሱ መስሎኝ ነበር።

ጸሎትም ሳይሆን አይቀርም። ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው፣ ጦስኙ አይሸታቸውም። ጦስኝም፣ ያረረ ወጥም፣ ዝናብ የነካው አፈርም።

ወልደኪዳን እውነተኛ ስማቸው አይደለም። “ስሜን ከለወጥሽው የአፍንጫዬን ነገር ጻፊው” ብለውኛል።

የሚሠሩት ቀለምና ማጣበቂያ በሚያመርት ፋብሪካ ነው። የእሳቸው ሥራ የሚጀምረው የሌላው ሲያልቅ ነው። ቀለም የተበጠበጠበት ማደባለቂያ ቀለም በሚያሟሟ ቲነር ይታጠባል። የቆሸሸው ቲነር በተዘጋ የብረት ታንከር ውስጥ ይፈላል፤ እንፋሎቱ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በሚያልፍ ቱቦ ሄዶ፣ በወዲያኛው ጫፍ ኩልል ብሎ ጠብ ጠብ ይላል። እንደገና ለማጠቢያ ይሆናል። “አረቄ ማውጣት ነው፤ የሚጠጣው ሰው ብቻ ነው የጠፋ” ይላሉ ሲቀልዱ። ሥር የሚቀረው ጥቁር ዝቃጭ ግን ለምንም አይሆንም። በብረት በርሜል ታሽጎ ከመጋዘኑ ጀርባ ይቀመጣል፣ መኪና መጥቶ ሲሚንቶ ፋብሪካ ምድጃ ውስጥ እንዲቃጠል እስኪወስደው።

ሌላም በርሜል አለ። ጥሬ ዕቃ የሚመጣባቸው ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜሎች ሦስት ጊዜ ታጥበው ለሠራተኛውና ለከተማው ሰው ይሸጣሉ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት አገር በርሜል ትልቅ ንብረት ነው። ንጽሕናው የሚለካበት መሣሪያ ግን የለም። የታጠበው በርሜል ተከድኖ ፀሐይ ላይ ይውላል፤ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ወልደኪዳን ክዳኑን ከፍተው አንገታቸውን ያስገባሉ። ከሸተተ ወደ እጥበት ይመለሳል። ካልሸተተ በጠመኔ ክብ ይሠሩበታል። ዐሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ “ወልደኪዳን ያሸተተው ነው” ከተባለ ሌላ ጥያቄ አልነበረም።

አፍንጫቸው እንቢ ሲል ለማንም አልተናገሩም። ጡረታቸው ቀርቧል፤ ሌላ ሙያ የላቸውም። ሦስት ጊዜ የሚታጠበውን አምስት ጊዜ እያሳጠቡ፣ ያው ነው ብለው ራሳቸውን አጽናኑ።

ባለፈው ክረምት መንገድ ተዘግቶ የዝቃጩ መኪና ቀረ። የብረት በርሜል ሲያልቅ ዝቃጩ ሦስት ሰማያዊ በርሜሎች ውስጥ ተሞላ። መኪናው በመጨረሻ ሲመጣ የሚጭነው የብረቱን ብቻ ስለነበር ዝቃጩ መኪናው ይዞት ወደመጣው ባዶ የብረት በርሜል ተገለበጠ፤ ሦስቱም ታጥበው ከሌሎቹ ጋር ፀሐይ ላይ ተሰለፉ። ለወልደኪዳን ማንም አልነገራቸውም። እንደ ልማዳቸው አሸተቱ፤ ሦስቱም ላይ ክብ ሠሩ።

በሳምንቱ የመጋዘኑ ሠራተኛ ሞላልኝ እየሳቀ አነሣው።

“ጋሼ፣ የዘንድሮ አጣቢዎች ምን በልተው ነው? ዝቃጭ የነበረበት እንኳ በእርስዎ አፍንጫ አለፈ እኮ!”

“የትኛው?”

“ሦስቱ ናቸዋ፣ እጀታቸው በሽቦ የታሰረው።”

ሁለቱ ገና ፋብሪካው ግቢ ውስጥ ነበሩ፤ በመጋዝ ቆረጧቸው። ሦስተኛውን አስናቀች የምትባል ሴት ወስዳዋለች፤ ከወለጋ ተፈናቅላ ከሦስት ልጆቿ ጋር ከተማው ዳር መጠለያ ውስጥ ትኖራለች። ከሥራ እንደወጡ በቀጥታ ወደ መጠለያው ሄዱ። በርሜሉ ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ውሃ ሞልቶ ቆሟል። የጠመኔው ክብ አልለቀቀም።

“ልጄ፣ ይህን በርሜል መልሺልኝ፤ ሌላ አመጣልሻለሁ።”

“ምነው አባቴ? ሰጥቶ መንሣት ከመቼ ወዲህ ነው?”

“በደንብ አልታጠበም መሰለኝ።”

“እርስዎ ያሸተቱት አይደል እንዴ! መጀመሪያ ሰሞን ትንሽ የጥፍር ቀለም ጠረን ነበረው፤ አዲስ ነው ብዬ ተውኩት። አሁን ለምደነዋል።” በጣሳ ጨልፋ ሰጠቻቸው። “የውሃ ቦቴው የሚመጣው ሐሙስ ነው። እስቲ ያሽቱት። ይሸታል ካሉ አሁኑኑ እደፋዋለሁ።”

ጣሳውን አፍንጫቸው ላይ ያዙት። ምንም።

“ይሸታል” አሉ።

አስናቀች በርሜሉን በሁለት እጇ ገፍታ ጣለችው። ልጆቹ የአራት ቀን ውሃቸው በጭቃው ላይ ሲሄድ ቆመው አዩ። አንዷ ከፊት ከፊቱ በእግሯ ልትገድበው ሞከረች።

ወልደኪዳን ባዶውን በርሜል ተሸክመው መጥተው እዚሁ ግቢ ውስጥ ቆረጡት። በማግስቱ ከቤታቸው ሁለት ጀሪካን ውሃ አደረሱላት። ይህን ሁሉ ሲነግሩኝ ድምፃቸው ደኅና ነበር።

“ለፋብሪካው ለምን አይነግሩም?” አልኳቸው።

“ልንገር። ከዚያስ? ሁለት ዓመት ያሳለፍኩትን በርሜል ማን ይሰበስበዋል? የማኅበር ጠላ የተጠመቀበት አለ። ወደ አሊዩ አምባ ገበያ የወረደ አለ። የት ብዬ ልከተለው?”

ከዚያ ጦስኙን እያዩ አንድ ነገር እንዳልጽፍ ለመኑኝ። እሺ ብዬ ነበር፤ ግን ውሃውን የሚጠጡት ሰዎች ዓይኔ ላይ እየመጡ እንቢ አሉኝ።

እንዳልጽፈው የለመኑኝ ይህን ነው፦ በዚያ ቀን የአስናቀች ውሃ ሲደፋ ጎረቤቶቿ ደንግጠው ወጡ። “የእኛንስ?” አሉ። ሰባት በርሜል ነበር፣ ሰባቱም ሙሉ፣ ሰባቱም ከፋብሪካው የመጡ። ሁሉንም ቢያስደፉ እስከ ሐሙስ የሚጠጣ የለም። ጎረቤቶቹ እንደ ሐኪም መንገድ ለቀቁላቸው። ወልደኪዳን ከአንዱ በርሜል ወደ አንዱ እየሄዱ ጎንበስ አሉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ከኪሳቸው ጠመኔ አውጥተው፣ የደበዘዘውን ክብ በእያንዳንዱ ላይ እንደ አዲስ አደመቁት።