የጠናበት በሽተኛ ያለው ይቀድማል

ወገኖቼ፣ ጌታ ይመስገን። ዛሬ ቆሜ ልመሰክር የፈለግሁት የልጅ ልጄ የአልማዝ ስም ፋርማሲ ትምህርት ቤት ከገቡት ጋር ስለወጣ ነው። ይህ ብቻ ቢሆን በአንድ ቃል ነግሬያችሁ እቀመጥ ነበር። ግን ስሟ እስኪወጣ ሦስት ዓመት ሄዷል፤ በዚያ ሦስት ዓመት ውስጥ የኔ ኃጢአት አለበት፤ እሱን ዘልዬ ጌታን ባመሰግን ማጭበርበር ይሆንብኛል። ሃሌሉያ የምትሉ በልባችሁ በሉ፤ ግድግዳው ጭቃ ነው፣ ጎረቤቴም ጆሮው ቀጥ ያለ ነው።

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። እዚሁ ናዝሬት፣ ጤና ጣቢያው በር ላይ ጠርሙስ እሸጣለሁ። ፈሳሽ መድኃኒት የታዘዘለት ሰው ጠርሙስ ካልያዘ በምን ይቀዳለታል? እኔ ባዶ ጠርሙስ ሰብስቤ፣ በአመድና በፍል ውሃ አጥቤ እጠብቀዋለሁ። ወረፋውንም የማስከብረው እኔ ነበርኩ። ማንም አልሾመኝም። ግፍ እያየሁ ዝም ማለት ከልጅነቴ አልሆነልኝም። የባለሥልጣን ሚስት ብትሆን አላሳልፍም፤ የገዛ ዘመዴም ቢሆን አላሳልፍም። አንድ ቀን አንዲት እናት ከደራ አዝላ ያመጣችው ልጅ ወረፋ ላይ እንዳለች ጀርባዋ ላይ ሞተ። ከዚያ ወዲያ አንድ ሕግ አወጣሁ፤ የጠናበት በሽተኛ ያለው ይቀድማል አልኩ። የተቃወመኝን በጠርሙስ አስፈራራው ነበር።

አልማዝ እናቷ በወባ ከሞተች ጀምሮ እኔ ዘንድ ነው ያደገችው። ጠርሙስ እያጠበች፣ የተለጠፈበትን ጽሑፍ እያነበበች አደገች። የሰፈሩ ሰው ክኒኑን ይዞ ይመጣባት ነበር። «አልምዬ፣ ይሄ ከምግብ በፊት ነው በኋላ?» ይላታል። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ እኔንም ፊደል ያስቆጠረችኝ እሷ ናት። ዘነበች ብዬ ስሜን ስጽፍ እጄን ይዛ፣ «እማማ፣ ዘን አያጉብጧት፤ እርስዎ ራስዎ አልጎበጡ» ትለኝ ነበር።

አሥራ ሁለተኛን ስትጨርስ ውጤቷ ጥሩ መጣ። ፋርማሲ አመለክታለሁ አለች። ቅጹ አንድ ብቻ ነው፤ ከተበላሸ ሌላ የለም። ስለዚህ አስቀድማ በእርሳስ በሌላ ወረቀት ትጽፋለች፣ ታጠፋለች፣ እንደገና ትጽፋለች። ከቅጹ ጋር ደግሞ የቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ይጠየቃል። የወጣቶች ማኅበሩ «እሁድ ስብሰባ አትመጣም፣ ጴንጤዎች ቤት ትሄዳለች» ብሎ ጽፎባታል። እውነት ነው፤ ወይዘሮ ጫልቱ ቤት ትሄድ ነበር። ሁላችን አዴ የምንላት ጫልቱ፣ ይኸው እዚያ ጥግ የተቀመጠችው። እኔ ያኔ ጾም የማልስት፣ በዓል የማላጎድል፣ ጴንጤ ሲባል ግን ፊቴን የማዞር ነበርኩ።

ደብዳቤው በዘገየ ቁጥር ልጅቷ ከሳች። ጠጉሯ ከማበጠሪያው ጋር ይመጣ ጀመር። የወጥ ሽታ ያስመልሳታል። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ድሬሰሩ አያትና፣ «እማማ ዘነበች፣ ይህቺን ልጅ የያዛት ጭንቀት ነው። ለዚህ የሚሆን በጠርሙስዎ የምቀዳልዎት ነገር የለኝም» አለኝ።

ቀበሌ ሄድኩ። ሊቀመንበሩ አንድ ወረቀት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ አዞረው። «እንደ አሳዳጊዋ ይፈርሙ፤ ደብዳቤው ዛሬውኑ ይሰጥዎታል» አለ። አነበብኩት። ቀስ እያልኩ ነው የማነበው፣ ግን አነበብኩት። አልማዝ በጫልቱ ተታልላ እንደነበር፣ እዚያ ቤት በድብቅ እንደሚሰበሰቡ፣ በአብዮቱ ላይ እንደሚመክሩ ይላል። የመጨረሻው ውሸት መሆኑን አውቃለሁ። ልጄ የሚዘምሩትን ሁሉ ጠርሙስ ስታጥብ ታንጎራጉረው ነበር፤ ስለ መንግሥት አንድም ቃል የለበትም።

«ማንበብ ይችላሉ እማማ?» አለኝ።

«ዓይኔ ደክሟል ልጄ። የቱ ጋ ነው ጣቴን የማሳርፈው?» አልኩት።

ወገኖቼ፣ ስሜን መጻፍ የምችል ሴት አውራ ጣቴን ሰጠሁ። ያላነበብኩትን እግዚአብሔር አይጠይቀኝም ብዬ ነው። ደግሞም ፍትሕ ነው አልኩ። ልጄ በውጤቷ ቀድማለች፣ ከወረፋዋ ያወጧት እነሱ ናቸው፣ እኔ ወደ ቦታዋ መለስኳት ብዬ ለራሴ ፈረድኩ።

ቅጹን እንዳስገባች ደራ እህቴ ዘንድ ላክኋት። በሦስተኛው ቀን የአዴ ጫልቱ ቤት ታሸገ። እሷንና አምስት ሰዎች ወሰዱ። ባሏ ኦቦ ቱፋ ዝዋይ ሄደው ስለነበር ተረፉ።

አልማዝ ሰምታ ተመለሰች። ያተምኩበት ቀለም ወይን ጠጅ ነበር፤ በአመድ ብፈትገውም ከጥፍሬ ሥር አልለቀቀም። እጄን ያዘች። «እማማ፣ ጣትዎ ምን ሆኖ ነው?» አለች። «ስምዎን መጻፍ ያስተማርኩዎት እኔ አይደለሁም?» አለች። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፣ ምግብም ተወች።

ትኩሳት ሲጨመርባት ሆስፒታል አስገባኋት። ዶክተሩ፣ «ወባውን አክመናል። የማትበላን ልጅ ግን ምን ላድርጋት? በዚህ ከቀጠለች ብዙ ቀን አትቆይም። የጎዳት ነገር አለ?» ሲለኝ «አላውቅም» አልኩ። ለሐኪምም ዋሸሁ።

አንድ ቀን ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። ውሃ ፈለገች ብዬ ጎንበስ ብል፣ «ለአዴ ጫልቱ ስንቅ ያድርሱላቸው» አለችኝ።

ምግብ ይዤ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። የስንቅ ወረፋው ረጅም ነው፤ ጥላ የለም፣ ያው የናዝሬት ፀሐይ ነው። መጨረሻ ላይ ቆምኩ። ኦቦ ቱፋ ከፊት ሦስተኛ ነበሩ። ዘወር ሲሉ አዩኝ።

«አካም ጅርቱ፣ ዘነበች? ልጅዎ ሆስፒታል ናት አሉ። ይምጡ፣ በኔ ቦታ ይግቡ።»

«አይሆንም፤ ወረፋ ነው» አልኩ።

«የጠናበት በሽተኛ ያለው ይቀድማል። ይህን ሕግ ማነው ያወጣው?» አሉና ፈገግ አሉ።

«ኦቦ ቱፋ፣ ሚስትዎን ያሳሰርኳት እኮ እኔ ነኝ» አልኩ፤ ሰው ሁሉ እየሰማ።

«አውቃለሁ። ለምን አሰራችኋት ብዬ ቀበሌ ስሄድ ጣትዎን አሳይተውኛል። ይቅደሙ፤ ልጅቷ ትጠብቅዎታለች።»

ወረፋው በሙሉ ወደ ግድግዳው ተጠግቶ መንገድ ለቀቀልኝ። ከነሱ ውስጥ ባሎቻቸውን፣ እህቶቻቸውን ያሳሰርኩባቸው ሰዎች ነበሩ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሳሰልፍ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም። ማንም አልሰበከኝም። ሳህኑን ይዤ በመካከላቸው ሳልፍ፣ «ጌታ ሆይ፣ እነዚህ ያንተ ከሆኑ እኔም ያንተ ልሁን፤ ጣቴን ይቅር በል» አልኩ። ኢየሱስን ያገኘሁት እዚያ አቧራ ላይ ነው። ስሙ ይባረክ።

ከዚያ በቀጥታ ቀበሌ ሄድኩ። «ያንን ወረቀት ያውጡልኝ፤ አልጨረስኩትም» አልኩት ሊቀመንበሩን። ሲያወጣው እስክሪብቶውን አነሳሁና ከጣቴ በታች ጻፍኩ፤ «አንብቤ ነው ያተምኩት። በአብዮቱ ላይ ይመክራሉ የሚለው ውሸት ነው። ዘነበች።» ዘን አላጎበጥኳትም።

«አንቺ አሮጊት፣ የልጅሽን እንጀራ እኮ ነው የቆረጥሽው» አለኝ። አንቱታው ቀረ። የድጋፍ ደብዳቤዋ በማግስቱ ተሻረ።

ሆስፒታል ተመልሼ ለአልማዝ ሁሉንም ነገርኳት። ደብዳቤሽ ቀርቷል አልኳት። ከዚያ «አጥሚት አለ?» አለች። ዶክተሩ በሦስተኛው ቀን ተቀምጣ አግኝቷት፣ «ምን ሰጧት?» ሲለኝ «እኔማ የነበራትን ወሰድኩባት፤ የሰጣት ጌታ ነው» አልኩት። ጌታ ይመስገን።

ግን ወገኖቼ፣ አልዋሻችሁም። የጻፍኩት ጽሑፍ ማንንም አላስፈታም። አዴ ጫልቱ አሥራ አንድ ወር ታሰረች። ግራ ጆሮዋ አይሰማም፤ ቀኟን ወደ እኔ አድርጋ የተቀመጠችው ለዚህ ነው። ኦቦ ቱፋ በሰባተኛው ወር እዚያው የስንቅ ወረፋ ላይ ወድቀው አልተነሱም። ከኋላቸው አራተኛ ነበርኩ። ይህ ፍትሕ አይደለም ብዬ ለእግዚአብሔር ነግሬዋለሁ። እስከ ዛሬ አልመለሰልኝም፤ እኔም መጠየቄን አልተውኩም፤ እሱም ከቤቱ አላባረረኝም።

አዴ ጫልቱ ስትፈታ ቤቷ እንደታሸገ ነበር። «ቤትሽን ያሳሸግሁት እኔ ነኝ፤ ይኸው የኔ» አልኳት። ዞር ዞር ብላ አየችና «ጭስ ይበዛበታል» አለች። ዛሬም በጭሱ ትነታረከኛለች። የተሰበሰባችሁባት ቤት ይህቺ ናት።

አልማዝ በሁለተኛው ዓመትም ደብዳቤ ተከለከለች። ዘንድሮ ቅጹ እንደገና መጣ። አብረን ጸለይን፤ ከዚያ አንድ መስመር ትሞላለች፣ ተነስታ አንድ ጠርሙስ ታጥባለች፣ ተመልሳ ሌላ መስመር ትሞላለች። ቅጹ ሲያልቅ ጠርሙሱም አለቀ። ቀበሌው አዲስ ሊቀመንበር መጥቶለታል። አስጠራኝ። ያ ወረቀት ከፋይሏ ውስጥ ወጥቶ ፊቱ ነበር።

«ይህን የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«ማን አስገደደዎት?»

«ማንም።»

ጣቴንም ጽሑፌንም ደጋግሞ አየ። «እርስዎ ያሳደጓት ልጅ መድኃኒት ብትሰጠኝ ሳልጠይቅ እውጠዋለሁ» አለና ደብዳቤዋን ፈረመ። የዚያን ሰው ልብ ማን እንዳዘነበለው እናንተ ታውቃላችሁ። ማክሰኞ ትሄዳለች። ተመስገን።

ዛሬ መጀመሪያ ጊዜ የመጣችሁ አላችሁ። ወገኑ የታሰረበት፣ ልጁ የታመመበት፣ ቅጹ ተይዞበት እንቅልፍ ያጣ አለ። በዚህ ጌታ ታመኑ የምላችሁ ሁሉ ነገር ተስተካክሎልኝ አይደለም፤ ኦቦ ቱፋ የሉም። ግን ከመጨረሻ ቆሜ የማይገባኝን ቦታ ሰጥቶኛል። አሁን ወንድማችን ለእያንዳንዳችሁ ሊጸልይላችሁ ነው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ወረፋውን እጠብቃለሁ፤ ሕጉን ታውቁታላችሁ። የጠናባችሁ ቅደሙ።